የሸለቆው ካህን፦ አባ ጄምስ ማክዳየርና የግሌንኮለምኪል መንደር

የአንድ ካህን አገልግሎት ከመንበረ ታቦቱ እንደሚጀምር ሁላችንም እናውቃለን። የት ላይ እንደሚያበቃ ግን ብዙ ጊዜ ያከራክራል። የመንገድ፣ የውሃ፣ የመብራትና የዕለት እንጀራ ጉዳይ የመንግሥት ድርሻ እንጂ የካህን ድርሻ አይደለም የሚሉ አሉ። ምእመናን በችግርና በስደት እየተበተኑ ካህኑ ባዶ ወንበሮችን ሊባርክ አልተሾመም የሚሉም አሉ። በዚህ እትም የሕይወት ታሪካቸውን የምናቀርብላችሁ አይርላንዳዊው አባ ጄምስ ማክዳየር ለዚህ ክርክር በአንዲት ትንሽ የገጠር መንደር ውስጥ በሠሩት ሥራ መልስ የሰጡ ካህን ናቸው። ያሰቡት ሁሉ አልተሳካላቸውም፤ ሆኖም ከተሳካው ብቻ ሳይሆን ካልተሳካውም የምንማረው ብዙ ነው።

አስቀድመን ስለ መንደሪቱ ጥቂት እንናገር። በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውንም አንባብያን እንዲያስተውሉልን እንጠይቃለን።

ግሌንኮለምኪል በአይርላንድ ሰሜን ምዕራብ፣ በዶኒጎል ግዛት፣ ምድሩ አልቆ የአትላንቲክ ውቅያኖስ በሚጀምርበት ጠረፍ ላይ የምትገኝ መንደር ናት። ከሸለቆው በስተደቡብ ስሊቭ ሊግ የተባለው ተራራ ወደ 600 ሜትር ከሚደርስ ከፍታ በቀጥታ ወደ ባሕሩ ይወርዳል። አፈሩ ስስ፣ ረግረጉ ብዙ፣ ነፋሱም ኃይለኛ በመሆኑ ገበሬው ከትንሽ ማሳው ድንችና ጥቂት እህል ከማግኘት፣ በጎችን ከማርባትና ዓሣ ከማጥመድ የተለየ መተዳደሪያ አልነበረውም። ለማገዶም ቢሆን ከረግረጉ እየተቆረጠ በፀሐይና በነፋስ የሚደርቀውን ጥቁር አፈር ያነድ ነበር። የሕዝቡ የአፍ መፍቻ ቋንቋ አይሪሽ ነበር።

ሸለቆው በጣም ጥንታዊ ሰፈር ነው። ከክርስትና በፊት በነበሩ ሺህ ዓመታት የኖሩ ሰዎች በግዙፍ ድንጋዮች የሠሯቸው መቃብሮች እስከ ዛሬ ቆመው ይታያሉ። የመንደሪቱ ስም ግን ከክርስትና የመጣ ነው፤ በአይሪሽ ቋንቋ የኮልም ኪል ሸለቆ ማለት ነው። ኮልም ኪል ማለት ደግሞ የቤተ ክርስቲያን ርግብ ማለት ሲሆን፣ ይህም በላቲን ኮሉምባ ተብሎ የሚታወቀው የታላቁ መነኩሴ ስም ነው። ቅዱስ ኮሉምባ በ521 ዓ.ም. ገደማ በዚያው በዶኒጎል ግዛት ተወለደ። በ563 ወደ ስኮትላንድ ተሻግሮ በአዮና ደሴት ገዳም መሠረተ፤ በ597ም በዚያው አረፈ። በየዓመቱ በዕለተ በዓሉ ሰኔ 9 ምእመናን በሸለቆው ውስጥ የሚገኙትን 15 የጸሎት ማረፊያዎች እየዞሩ ይጸልያሉ። ብዙዎቹ ጫማቸውን አውልቀው በድንጋዩና በረግረጉ ላይ ይሄዳሉ፤ መስቀል በተቀረጸባቸው ጥንታውያን ድንጋዮች ዘንድም ቆመው ይማልዳሉ። ይህ መንፈሳዊ ጉዞ ከትውልድ ወደ ትውልድ ሲተላለፍ ቆይቶ ዛሬም ይፈጸማል።

ይሁን እንጂ ጸሎት የማይለየው ሸለቆ ከችግር አልዳነም። በ1845 የጀመረው የድንች በሽታ ባስከተለው ታላቅ ረሃብ አይርላንድ አንድ ሚሊዮን ያህል ሕዝብ በሞት አጣች፤ ከዚያ የማያንስ ሕዝብም ባሕር ተሻግሮ ተሰደደ። ረሃቡ ቢያልፍም ስደቱ አላለፈም። በ1841 በዶኒጎል ግዛት ወደ 300 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ ይኖር ነበር፤ በ1961 የቀረው 114 ሺህ ገደማ ብቻ ነበር። ከ1951 እስከ 1961 ባሉት ዐሥር ዓመታት ብቻ ከመላው የአይርላንድ ሪፑብሊክ ከ400 ሺህ በላይ ሰዎች ወጥተዋል። የሚሄዱት በአብዛኛው ወጣቶች ነበሩ። በየቤቱ የሚቀሩት አባትና እናት ከእንግሊዝ ወይም ከአሜሪካ የሚላክላቸውን ገንዘብና ደብዳቤ እየጠበቁ ያረጁ ነበር። ልጅ ያልቀረለት ቤት ባለቤቶቹ ሲሞቱ ይዘጋል፤ ክዳኑ ይፈርሳል፤ ግድግዳው የበግ መጠለያ ይሆናል። እንዲህ ባለው ቁምስና ውስጥ ካህኑ ከሚያጠምቀው ይልቅ የሚቀብረው እየበዛ ይሄድ ነበር።

አባ ጄምስ ማክዳየር በ1910 በዚያው በዶኒጎል ግዛት፣ በግሌንቲስ አጠገብ፣ ከገበሬ ቤተሰብ ተወለዱ። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በሌተርኬኒ ከተማ በቅዱስ ዩናን ኮሌጅ ካጠናቀቁ በኋላ፣ በ1795 ወደ ተመሠረተውና የአገሪቱ ካህናት ወደሚሠለጥኑበት ወደ ሜይኑዝ ዘርዐ ክህነት ገቡ። በ1937ም ማዕረገ ክህነት ተቀበሉ። በዚያን ዘመን አይርላንድ ብዙ ካህናት ስለ ነበሯት አዲስ የተሾሙት ካህናት በገዛ ሀገረ ስብከታቸው ቦታ እስኪገኝላቸው ድረስ ወደ እንግሊዝ ይላኩ ነበር። እርሳቸውም በለንደንና በአካባቢዋ ዐሥር ዓመት ያህል አገለገሉ።

እነዚያ ዓመታት የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዓመታት ነበሩ። ወጣቱ ካህን ቦምብ በሚዘንብባት ከተማ ውስጥ የቆሰለውን ሲያጽናኑ፣ የሞተውን ሲቀብሩ ቆዩ። ከዚህም ሌላ የገዛ ወገኖቻቸውን የስደት ኑሮ በቅርብ የሚያዩበት አጋጣሚ አገኙ። አይርላንድ ውስጥ ሆኖ ስደትን የሚያስብ ሰው የሚያየው የሚላከውን ገንዘብ ነው። በለንደን ያለ ካህን ግን በሕንፃ ሥራና በፋብሪካ ጉልበቱን የሚሸጠውን፣ በጠባብ የኪራይ ክፍል ብቻውን የሚኖረውን፣ አንዳንዴም ከመጠጡ ጋር ተጣብቆ እምነቱንና ቤተሰቡን የረሳውን ልጅ ያያል። አባ ጄምስ በኋለኛው ዘመን ሥራቸው ስደትን እንደ ተፈጥሮ ሕግ አድርገው አልተቀበሉትም፤ ሊታከም እንደሚገባው ደዌ ቆጠሩት እንጂ።

በ1947 ወደ ራፎ ሀገረ ስብከታቸው ተመልሰው ለቶሪ ደሴት ተመደቡ። ቶሪ ከዶኒጎል ጠረፍ ከዐሥር ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ በውቅያኖስ ውስጥ የምትገኝ ትንሽ ደሴት ናት። ባሕሩ በተናወጠ ጊዜ ጀልባ ስለማይደርስባት ሕዝቧ ለቀናት፣ አንዳንዴም ለሳምንታት ከዓለም ተቆርጦ ይቀራል። በእንዲህ ያለ ስፍራ ካህኑ አብሮ የሚቸገር ጎረቤት ከመሆን ሌላ ምርጫ የለውም። አራት ዓመት ያህል ከዚህ ሕዝብ ጋር ከኖሩ በኋላ በ1951 ወደ ግሌንኮለምኪል በረዳት ካህንነት ተዛወሩ። ዕድሜያቸው 41 ዓመት ነበር።

እንደ ደረሱ የመንደሪቱን ሁኔታ ሲመረምሩ አምስት ነገሮች እንደጎደሉ አስተዋሉ። የጋራ የቧንቧ ውሃ አልነበረም፤ ኤሌክትሪክ አልነበረም፤ የአስፋልት መንገድ አልነበረም፤ የሕክምና ጣቢያ አልነበረም፤ ሰው ተቀጥሮ የሚሠራበት ኢንዱስትሪም አልነበረም። እነዚህን አምስቱን የሸለቆው እርግማኖች አድርገው ቆጠሯቸው። ለእነርሱ ስደት የሚባለው ታላቅ በሽታ ከነዚህ ከአምስቱ የሚወለድ ነበር።

የመጀመሪያ ሥራቸው ግን ከአምስቱ አንዱ አልነበረም፤ ያሠሩት የመሰብሰቢያ አዳራሽ ነበር። ይህ ለጊዜው የሚያስገርም ይመስላል። ውሃና መብራት ለሌለው ሕዝብ አዳራሽ ምን ይሠራል? ነገር ግን ተበታትኖ የሚኖር ሕዝብ የሚመካከርበት፣ ወጣቱ በረጅሙ የክረምት ምሽት የሚሰበሰብበት፣ ሙዚቃና ጭፈራ የሚሰማበት ስፍራ ከሌለው ስለ ውሃም ስለ መብራትም አብሮ ሊያስብ አይችልም። አዳራሹ የተሠራው በሕዝቡ የነፃ ጉልበት ነው። ገበሬዎቹ ከማሳቸው ሲመለሱ ድንጋይ አመላለሱ፤ የሙያ ችሎታ ያለው ሙያውን፣ የሌለው ጉልበቱን ሰጠ። አዳራሹ ሲጠናቀቅ ሕዝቡ ከግድግዳና ከጣሪያ የበለጠ ነገር አገኘ፤ አብረን የጀመርነውን መጨረስ እንችላለን የሚል እምነት አገኘ።

ከዚያ በኋላ ተራው የመብራት ሆነ። የአይርላንድ መንግሥት በ1946 ገጠሩን በኤሌክትሪክ የማዳረስ ታላቅ ሥራ ጀምሮ ነበር። አሠራሩ ቁምስናን መሠረት ያደረገ ሆኖ፣ መስመሩ ቀድሞ የሚዘረጋው ለመግባት ፈቃደኛ የሆነ ብዙ ቤተሰብ ወደሚገኝበት አካባቢ ነበር። በመሆኑም ወጪውን የፈራው፣ እሳትንም የፈራው ሰው እንዲመዘገብ በየቤቱ እየዞሩ ማስረዳት ያስፈልግ ነበር። ለዚህ ዓይነቱ ሥራ ከየቤቱ ምድጃ አጠገብ ተቀምጦ ከሚያወራ ካህን የተሻለ ሰው አይገኝም። በ1950ዎቹ አጋማሽ የግሌንኮለምኪል ቤቶች መብራት አገኙ። ውሃውም፣ መንገዱም፣ ሕክምናውም ደረጃ በደረጃ መጡ። ለአንዱ ጉዳይ የመንግሥት ቢሮ ደጅ መጥናት፣ ለሌላው ጋዜጣ ላይ መከራከር፣ ለሌላው ደግሞ አካፋ ይዞ ከሕዝቡ ጋር መሰለፍ ያስፈልግ ነበር፤ አባ ጄምስ ሦስቱንም አደረጉ።

ይሁን እንጂ መብራት የገባለት ቤት ልጁ ሥራ ካላገኘ መብራቱ ለሽማግሌዎች ብቻ ይበራል። ስለዚህ አምስተኛውን እርግማን ለማስወገድ ተነሡ። በመጀመሪያ የሱፍ ሽመና ፋብሪካ እንዲቋቋም አደረጉ፤ የአካባቢው ሴቶች በሚያውቁት በሹራብ ሥራ ገቢ የሚያገኙበት መንገድም ተከፈተ። ቀጥሎም በ1962 በኅብረት ሥራ ማኅበር አማካይነት አትክልት የሚያዘጋጅ ፋብሪካ ተቋቋመ። ለዚህ ሥራ በጄኔራል ማይክል ኮስቴሎ ይመራ የነበረው የአይርላንድ ስኳር ኩባንያ ድጋፍ ሰጥቷቸዋል። አሳቡ ግልጽ ነበር፤ ገበሬው በትንሽ ማሳው ከድንች የበለጠ ዋጋ የሚያወጣ ምርት ያመርታል፤ ፋብሪካው እዚያው መንደር ውስጥ አዘጋጅቶ ይሸጣል፤ ልጁም እዚያው ሥራ ያገኛል።

እዚህ ላይ አንባብያን እንዲያስታውሱት የምንፈልገው አንድ ነገር አለ። ከዚህ አንድ ዓመት አስቀድሞ በ1961 ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ 23ኛ እናትና መምህርት የተባለውን ሐዋርያዊ መልእክት አውጥተው ነበር። በዚያ መልእክት ውስጥ ገጠሩ መንገድ፣ ንጹሕ ውሃ፣ የሕክምና አገልግሎትና ትምህርት እንዳይጎድለው፣ ገበሬዎችም በኅብረት ሥራ ማኅበር እንዲደራጁ በሰፊው ተመክሯል። አባ ጄምስ በሩቅ ሸለቆ ውስጥ ከዐሥር ዓመት በፊት ጀምረው በአካፋና በልመና ይሠሩት የነበረው ሥራ በቤተ ክርስቲያን የማስተማሪያ ቃል ታትሞ ወጣ ማለት ነው። የቤተ ክርስቲያን ማኅበራዊ ትምህርት በመጻሕፍት መደርደሪያ ላይ ብቻ እንዳይቀር እንዲህ ያሉ ካህናትና ምእመናን ያስፈልጉታል።

አባ ጄምስ ከዚህም አልፈው ታላቅ አሳብ አቀረቡ። የመንደሪቱ ገበሬዎች ትናንሽ ማሳዎቻቸውን በፈቃዳቸው አቀናጅተው በአንድ አመራር በጋራ እንዲያርሱ፣ ገቢውንም እንዲካፈሉ ሐሳብ አቀረቡ። በአዋጅና በግዴታ መሬት መሰብሰብን አላሰቡም፤ የተመሠረቱት በወንጌላዊ ወንድማማችነት ላይ ነበር። ሆኖም አሳቡ በተግባር አልዋለም። መሬት ለአይርላንዳዊ ገበሬ አባቶቹ በብዙ ትግል ከባለ ርስቶች እጅ ያስመለሱት ነገር በመሆኑ ማሳን ከጎረቤት ጋር መቀላቀል ቀላል አልነበረም። በዚህም ምክንያት አንዳንዶች ኮሚኒስት ናቸው እያሉ አሟቸው። ሌሎች ደግሞ ካህን ሆነው በንግድና በፖለቲካ ገቡ ብለው ነቀፏቸው። እርሳቸው ግን ሥራቸውን አላቋረጡም።

ችግሩ የአንድ ሸለቆ ብቻ እንዳልሆነም ተረድተው ነበር። በ1963 በሜዮ ግዛት በቻርልስታውን ከተማ ምዕራብ አይርላንድን ከመራቆት ለማዳን የተጀመረው እንቅስቃሴ ውስጥ ግንባር ቀደም ሆነው ቆሙ። በየከተማው እየተዘዋወሩ ለብዙ ሕዝብ ንግግር አደረጉ፤ መንግሥት ለትናንሽ ገበሬዎች ትኩረት እንዲሰጥ ተሟገቱ። ስማቸው በመላው አገሪቱ የታወቀው በዚህን ጊዜ ነው።

በ1967 ደግሞ ዛሬ መንደሪቱን የሚያስጠራትን ሥራ ሠሩ። ሕዝቡን አስተባብረው የባህል መንደር አቋቋሙ። ሦስት የሣር ክዳን ቤቶች በነፃ ጉልበት ተሠሩ፤ እያንዳንዱ ቤት በአንድ ዘመን የነበረውን የሸለቆውን ሕዝብ አኗኗር እንዲያሳይ ሆኖ የሦስት ክፍለ ዘመናት ዕቃ ተቀመጠበት። ምድጃው፣ አልጋው፣ ድስቱ፣ የሱፍ መፍተያው፣ የዓሣ መረቡ ሁሉ ከየቤቱ ተሰባሰበ። የቤቶቹ ክዳን የባሕር ነፋስ እንዳይገነጥለው በአገሩ ልማድ ዙሪያውን በገመድ ተወጥሮ ከግድግዳው በወጡ ድንጋዮች ላይ ታስሯል። ድህነት ነው ተብሎ የሚታፈርበት ነገር ሁሉ እንግዳ ከሩቅ መጥቶ የሚያየው ቅርስ ሆነ። ለጎብኝዎች የሚከራዩ የሣር ክዳን ጎጆዎችም በአጠገቡ ተሠሩ። በዚያው በ1967 ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጳውሎስ 6ኛ ስለ ሕዝቦች ዕድገት የጻፉት መልእክት የወጣ ሲሆን፣ እውነተኛ ዕድገት የሰውን ሁለንተና የሚመለከት መሆኑን የሚያስተምረው ይህ መልእክት በዚያች መንደር ምሳሌውን አግኝቶ ነበር ብንል ማጋነን አይሆንብንም።

አባ ጄምስ በኋላ የቁምስናው ቆሞስ ሆነው አገለገሉ። በ1982 የሕይወት ታሪካቸውን ራሳቸው ጽፈው አሳተሙ፤ በ1987ም በ77 ዓመት ዕድሜያቸው አረፉ። በዚያች ቁምስና የኖሩት 36 ዓመት ነው።

አሁን በቅንነት ልንጠይቀው የሚገባን ጥያቄ አለ። አባ ጄምስ ስደትን አስቀሩ ወይ? አላስቀሩም። ከእርሳቸውም በኋላ ወጣቶች ከሸለቆው ወጥተዋል። የአትክልት ፋብሪካው እንደታሰበው አልዘለቀም፤ መሬቱ ስስ፣ ገበያው ሩቅ ነበር፤ ስፍራው በኋላ ወደ ዓሣ ማዘጋጀት ሥራ ዞረ። የጋራ እርሻው በአሳብ ቀረ። ከዚህም ሌላ አንድ ጠንካራ ሰው ብዙ ሸክም በተሸከመበት ስፍራ ሌላው ሰው እጁን አጣጥፎ እንዲጠብቅ የሚያደርግ ፈተና ሁልጊዜ አለ፤ በበጎ ካህን ዙሪያ እንኳ ይህ ይደርሳል። እኛ ካህናት ይህን ለራሳችን ልንናገር ይገባል።

ታዲያ ድካማቸው ከንቱ ቀረ ማለት ነውን? ዛሬ ወደ ግሌንኮለምኪል የሚሄድ ሰው ውሃና መብራት ያለው፣ መንገዱ የተስተካከለ መንደር ያገኛል። የባህል መንደሩ እስከ ዛሬ ጎብኝዎችን ይቀበላል፤ ቤቶቹም ከሦስቱ በላይ ሆነዋል፤ ከእነርሱም መካከል የጥንቱን ትምህርት ቤት የሚያሳይ ቤት ይገኛል። ከ1984 ጀምሮ የአይሪሽን ቋንቋ ለዐዋቂዎች የሚያስተምር ተቋም በመንደሪቱ ስለ ተመሠረተ፣ ድሮ ልጆቿን ወደ ውጭ የምትሸኝ መንደር ዛሬ ከብዙ አገሮች ተማሪዎችን ትቀበላለች። በሰኔ 9ም ምእመናን እንደ አባቶቻቸው 15ቱን የጸሎት ማረፊያዎች ይዞራሉ። መንደር ከሌለ ይህን ጉዞ የሚያደርግ አይኖርም ነበር። እንግዲህ አዳራሹም፣ ቧንቧውም፣ ፋብሪካውም በስተመጨረሻ ያገለገሉት ጸሎቱን ነው ማለት ይቻላል።

ለምእመናንና በተለይም ለትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ከዚህ ታሪክ ሦስት ነገሮችን ለማስገንዘብ እንወዳለን። አንደኛ፣ አባ ጄምስ ሥራቸውን የጀመሩት በመቁጠር ነው፤ የጎደሉትን አምስት ነገሮች ለይተው አወቁ። እኛም ስለ ሕዝባችን ችግር በጅምላ ከማዘን ይልቅ በመንደራችን የጎደለውን በስሙ ጠርተን ማወቅ ይገባናል። ሁለተኛ፣ ከሁሉ አስቀድመው ሕዝቡ የሚሰበሰብበትን ስፍራ ሠሩ፤ ያልተሰበሰበ ሕዝብ የተሰጠውን እንኳ ሊጠብቀው አይችልምና። ሦስተኛ፣ ሲሳካም ሳይሳካም በስፍራቸው ጸንተው ቆዩ። ፍሬውን ለመቁጠር የሚቸኩል ሰው በአንድ ሸለቆ ውስጥ 36 ዓመት አይቆይም።

የቅዱስ ኮሉምባ ሸለቆ ሁለት ዓይነት የእምነት ሰዎችን አይቷል። አንደኛው ወንጌልን ለማዳረስ ከአገሩ ወጥቶ ባሕር የተሻገረው መነኩሴ ነው። ሁለተኛው ሕዝቡ ባሕር እንዳይሻገር ሲል በስፍራው የቀረው ካህን ነው። ቤተ ክርስቲያን ሁለቱንም ትፈልጋለች። ከእኛ መካከል የሚበዙት የተጠሩት ግን ለሁለተኛው ይመስለናል፤ በተሰጠን መንደር ውስጥ፣ ከተሰጠን ሕዝብ ጋር፣ አንዱን ጉድጓድ ቆፍረን፣ አንዱን ልጅ አስተምረን፣ አንዱን ቤት ከመዘጋት አድነን እንድናልፍ። እግዚአብሔር ለዚህ ጽናቱን ይስጠን።